የበረራ ድምፅና የገጠር መንገድ ደኅንነት

ለክቡር አዘጋጅ፣

በእንግሊዝ የገጠር ፓሪሽ ምክር ቤቶች የአውሮፕላን ድምፅንና የመንገድ ደኅንነትን በተመለከተ ስለሚያደርጉት ጥረት ያወጣችሁት ጽሑፍ ሁለቱን ጉዳዮች በእኩል ማየቱ ስላሳሰበኝ ይህን ጽፌያለሁ።

ፓሪሽ ምክር ቤት እንደ ቀበሌ የመጨረሻው የአስተዳደር እርከን በመሆኑ የበረራ መስመር የመወሰን ሥልጣን የለውም። የሌሊት ድምፅ ጤናን እንደሚጎዳ አያከራክርም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 የሌሊቱ የአውሮፕላን ድምፅ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። ሆኖም ከፓሪሽ የሚበልጠው የአትልስፎርድ ወረዳ ምክር ቤት እንኳ በ2020 የስታንስቴድ አውሮፕላን ማረፊያን ማስፋፊያ ቢከለክል፣ ውሳኔው በ2021 በይግባኝ ተሽሮ ወጪውን እንዲከፍል ተፈርዶበታል። ብርቱ ማስረጃ ሳይዙ መሟገት ለትንሽ መንደር ከባድ ኪሳራ ነው።

መንገዱ ግን በመንደሩ እጅ ይቀርባል፤ የሚቀጥፈውም ሕይወት ነው። በብሪታኒያ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት በገጠር መንገዶች ላይ ሲሆን፣ የመሐል አካፋይ ከሌላቸው በአብዛኞቹ ላይ በሰዓት እስከ 60 ማይል መንዳት ይፈቀዳል፤ ብዙዎቹም የእግረኛ መተላለፊያ የላቸውም።

ስለዚህ ፓሪሾች የዘንድሮ ገንዘባቸውን አስቀድመው የሚያልፈውን መኪና ፍጥነት ለሚያሳይ ሰሌዳ ያውሉ፤ በፖሊስ ፈቃድ ፍጥነት የሚለኩ በጎ ፈቃደኞችንም ያደራጁ፤ የሰበሰቡትንም መረጃ የፍጥነት ወሰን ለሚወስነው የካውንቲ ምክር ቤት ያቅርቡ። ለበረራው ድምፅ ደግሞ አጎራባች ፓሪሾች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ገለልተኛ የድምፅ መለኪያ በጋራ ይትከሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከእንግሊዝ