ለሰብለ፣ ስለ እትዬ ዘነቡ

ውድ ሰብልዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ታኮማ ከገባሽ ወዲህ ስልኩም ቀረ፣ መልእክቱም ቀረ። አንቺ በሥራ፣ እኔ በሌሊት ሺፍት ተጠምደን ጊዜው እንዲሁ ሄደ። በጣም ናፍቀሽኛል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ነው የእናትሽን የእትዬ ዘነቡን መውደቅ የሰማሁት። ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ መርሳቱም ብሶባቸዋል አሉኝ። ከእንግዲህ ብቻቸውን መዋል አይችሉም ተብለሽ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እያፈላለግሽ እንደሆነም ሰማሁ። ልደውል ብዬ ነበር። ግን የምነግርሽ ብዙ ነው፤ ደጋግመሽ እንድታነቢው ብዬ ጻፍኩልሽ።

«እናቷን ልትጥል ነው» የሚል ወሬ ሳይደርስሽ አይቀርም። አትስሚያቸው። ባህላችን አይደለም ይላሉ። አገር ቤት መቄዶንያ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዞ የለም እንዴ? እነዚያ ሰዎች እኮ ባህሉ እያለ ነው ጎዳና ላይ የወደቁት። የሚረሳ ሰው ሌሊት ተነሥቶ በር ከፍቶ ይወጣል፣ ምድጃ ለኩሶ ይተዋል። ቀን ሥራ ውሎ የሚገባ አንድ ሰው ይህን ብቻውን ሊጠብቅ አይችልም። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ በየቀኑ የማየው ነው።

ቤት ስትመርጪ ግን ምንጣፉና አበባው አያታልልሽ። ከሁሉ በፊት ይህን ጠይቂ፤ ሌሊት ማን ነው ያለው? እዚህ ከሠራስ ስንት ጊዜ ሆነው?

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። በፊት የሠራሁበት አንድ ትልቅ ቤት ነበር፤ ስሙን አልጽፍልሽም። መግቢያው ሆቴል ያስንቃል፣ ፒያኖ ሳይቀር አለው። ሠራተኛ ግን አይቆይበትም። ክፍያው ትንሽ፣ ሥራው ከባድ ነው፤ በየወሩ አዲስ ፊት ይመጣል። አንድ ምሽት የአንዲት እናት ካልሲ ሳወልቅ ተረከዛቸው ጠቁሮ አየሁ። ስነካው ረጥቦ እንደ በሰለ ፍሬ ይሰረጉዳል። ከመተኛት ብዛት ከውስጥ ቆስሏል ማለት ነው። መዝገቡን ከፈትኩ። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጠናል ተብሎ ተፈርሟል፣ አንድም ቦታ አልተዘለለም። የፈረሙት ሰዎች ግን በየቀኑ የተለያዩ ናቸው። ትናንት ያ እግር ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ነርሷን ጠራሁ፤ ቁስሉ እስኪድን ወራት ፈጀ። እዚያ የሚሠሩት ልጆች ክፉዎች አልነበሩም። እሳቸውን የሚያውቅ ግን አልነበረም።

አሁን የምሠራው አደልት ፋሚሊ ሆም ውስጥ ነው። በዚህ በሲያትል ዙሪያ የኛ ሰዎች ስንቱን ከፍተውታል! ጥቂት አረጋውያን የሚጦሩበት ተራ መኖሪያ ቤት ነው። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ እስከ 6 ሰው ይፈቅዳል፣ ተጨማሪ መስፈርት ያሟላ እስከ 8 ይይዛል። ትንሽ ቤት ደስ ይላል፤ ሆኖም አንዲት ኬርጊቨር (ተንከባካቢ) ብቻዋን የምታበስልበት፣ የምታጥብበት፣ መድኃኒት የምትሰጥበት፣ ሌሊትም የምትነሣበት ትንሽ ቤት አለ። የሐበሻ ነው ብለሽም ዓይንሽን ጨፍነሽ አትግቢ። ባለቤቱ ሠራተኞቹን እንዴት እንደሚያናግር አድምጪ። 75 ሰዓት ሠልጥና፣ ተፈትና የመጣች ልጅ እየተመናጨቀች አትቆይም። እሷ ስትሄድ ደግሞ ስለ እናትሽ የምታውቀው ሁሉ አብሯት ይሄዳል።

እኛ ጋ ዳቦ ጋጋሪ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቀን ላይ ገላዎን ይታጠቡ ሲባሉ ይጮኻሉ፣ ይማታሉ። ሌላ ቦታ ቢሆኑ ማረጋጊያ መድኃኒት ይጠየቅላቸው ነበር። የምትንከባከባቸው ልጅ ቤተሰቡን ጠየቀች። ለካ ዕድሜያቸውን ሙሉ በኛ አቆጣጠር ሌሊት 10 ሰዓት ነበር የሚነሱት። አሁን በዚያ ሰዓት ታጥባቸዋለች። ዝም ብለው ይታጠባሉ፣ ጢማቸውንም ራሳቸው ይላጫሉ።

እትዬ ዘነቡን ሳስብ የሚያስጨንቀኝ ጾማቸው ነው። ረቡዕና ዓርብ ቁርስ አይቀምሱም አይደል? ሁዳዴ ሲገባማ! ይህን የማያውቅ ቤት ቁርስ ያቀርባል፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ «ምግብ እምቢ አሉ» ተብሎ ይጻፋል። ስኳርም አለባቸው። ኢንሱሊን ተወግተው ሳይበሉ ከቀሩ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ስለዚህ ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ጋር አሁኑኑ ተነጋገሪ። «ለታመመ ይፈቀዳል» የሚለውን ከአባ ከሰሙት ይቀበሉታል፤ አንቺን አይሰሙሽም። ኢንሱሊኑን የሚወጋቸውም ሰው ነርስ አሠልጥና የፈቀደችለት መሆኑን አረጋግጪ።

የተስማማችሁበትን ሁሉ የእንክብካቤ ዕቅዱ ላይ አስጽፊ። ዕቅዱ በገቡ በ30 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ ሲሠራ ተገኚ። ወንድ እንዳያጥባቸው፣ ነጠላቸው ከአጠገባቸው እንዳይርቅ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ እንዲከፈትላቸው፣ ትንሽ ነው ብለሽ የምትተዪው ነገር አይኑር። መርሳት ሲበረታ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የተለመደው ቋንቋ ነው ቀድሞ የሚጠፋው። ያቺ እንግሊዝኛቸው ስትሄድ አሞኛል የሚሉት በአማርኛ ነው። ያን የሚሰማ ሰው ይኑር።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ ልንገርሽ። የግዛቱ ተቆጣጣሪዎች ሳይናገሩ ይመጣሉ፤ ቤቱ የመጨረሻውን የፍተሻ ውጤት ሊያሳይሽ ግዴታው ነው። ጉድለት የተጻፈበት ቤት ሁሉ መጥፎ አይደለም። ያው ጉድለት በሚቀጥለው ፍተሻ ከተደገመ ግን ተነሥተሽ ውጪ። ሜዲኬር፣ ያ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ እንዲህ ያለውን መኖሪያ አይከፍልም፤ የሚረዳው አቅም ላነሳቸው የሚሰጠው ሜዲኬይድ ነው። ያጠራቀሙት ሲያልቅ ቤቱ ሜዲኬይድ ይቀበል እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡሽ። አለዚያ ከለመዱት ቤት ውጡ ሊባሉ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ መዛወር ብቻውን ያሳምማቸዋል።

ከገቡ በኋላ ሰዓትሽን እየቀያየርሽ ሂጂ። እራት ሰዓት ሂጂ፣ እሑድ ማታ ሂጂ። ተረከዛቸውን እዪ፣ ጥፍራቸውን እዪ፣ ከንፈራቸው ደርቆ እንደሆነ እዪ። መጥሪያው እጃቸው ይደርሳል? ቅር ያለሽን ለባለቤቱ ንገሪ። ካልሰማሽ የአረጋውያን እንባ ጠባቂ አለ፣ አያስከፍልም። «ብናገር እናቴ ላይ ይወጡባታል» ብለሽ ዝም እንዳትይ። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ፍርሃት ዝም ሲል አይቻለሁ፤ ቂም መወጣትን ሕጉ ራሱ ይከለክላል።

ቅዳሜ ዕረፍት ነኝ። ያሰብሻቸውን ቤቶች አድራሻ ላኪልኝና አብረን እንያቸው። እራት ሲቀርብ ብንደርስ ይሻላል። ሆስፒታሉ እንግዳ የሚያስገባበትን ሰዓትም ጻፊልኝ፤ እትዬ ዘነቡን መጥቼ ልጠይቃቸው። እስከዚያ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው፣
ትዕግሥት