የቴክኒክ ክበብ ዘገባ፦ ንፋስ የራቀው ሬጉሌተር

የግቢያችንን የኋላ በር የሚያውቅ ሁሉ መኪናችንን አይቷታል። ባህር ዛፉ ሥር ሸራ ለብሳ የቆመችው ናት። አራት ጎማ፣ ሁለት መቀመጫ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ወላጅ የሰጡን አሮጌ የሞተር ሳይክል ሞተር። "ልጆቹን ከጥናት ታስተጓጉላለህ" ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። እስቲ መጀመሪያ ይህን ያንብቡልኝ።

መስከረምና ጥቅምት በምዝገባና በስብሰባ አለፉ። ኅዳር ላይ ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናዋ የብረት አጽም፣ ተበየደ። የካቲት ላይ ሞተሩ ተነሳ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። አሥር ደቂቃ እንደሠራች ባትሪው መሙላት ያቆማል። ጥሩምባው ይደክማል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ሁለት ሬጉሌተር አቃጠልን። ሁለተኛውን ልጆቹ ከምሳ ገንዘባቸው አዋጥተው ነው የገዙት፤ ክበቡ በጀት የለውምና።

ሬጉሌተር ከሞተሩ የሚመጣውን ተለዋዋጭ ከረንት ወደ ቀጥተኛ ቀይሮ ለባትሪው መጥኖ የሚሰጥ ዕቃ ነው። የእኛው ዓይነት የተረፈውን ኃይል ወደ ሙቀት ቀይሮ ያስወግዳል። ልጆቹ "መብራቱን እናጥፋለትና ይረፍ" አሉ። አጠፋን፤ ባሰበት። መብራቱ ያልተጠቀመበት ኃይል ተርፎ እሱው ላይ ወደቀ።

መላውን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በስብሰባ ላይ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰኞ ጠዋት ደብተሯን ይዛ መጣች። ቅዳሜና እሁድ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የቆሙ ሞተር ሳይክሎችን ስትዞር ውላለች። "ጋሼ፣ ሞተርዎን አንዴ ልይ?" እያለች፣ ቁጢጥ ብላ ስላቸዋለች። 11 ሥዕል ቆጠርኩ። የአንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ የዘይት አሻራ ነበር።

"ቲቸር፣ እነሱ ሬጉሌተሩን ንፋስ የሚያገኝበት ቦታ ነው ያሰሩት። እኛ ግን ላሜራ ውስጥ ዘጋንበት።"

እውነቷን ነው። እንዲያምር ብለን ከመቀመጫው ጀርባ ደብቀነው ነበር፤ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ደግሞ ከሱ አንድ ስንዝር አይርቅም። ደብተሩን ይዤ ትንሽ ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ አስተማሪ የሆነ ሰው ያውቀዋል።

በሳምንቱ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን። ወፈር ያለ የአልሙኒየም ሳህን ፈልገን አገኘን። ሻጩ ለትምህርት ቤት መሆኑን ሲሰማ ቀነሰልን። ሬጉሌተሩን ወደ ጎን አውጥተን ሳህኑ ላይ በቡሎን አሰርነው። ቀለም ሙቀት በደንብ ስለማያሳልፍ የሚነካካውን ቦታ ፋቅን፤ መሀል ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ቀባን። በማርሚታው በኩል ላሜራ ከለልን፣ ከፊት ንፋስ የሚያመጣ ቱቦ ዘረጋን። ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ ሳህኑን ሰፋ አደረግነው።

ግንቦት ላይ ሜዳውን 40 ደቂቃ ዞረች። የኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ቴስተሩ፣ 14.1 ቮልት አሳየ፤ ባትሪው እየሞላ ነው ማለት ነው። ልጅቷ ሬጉሌተሩን በመዳፏ ይዛ ቆየች። አላቃጠላትም። ሌሎቹም ተሰልፈው ያዙት።

መኪናዋ ስትቆም ግን ንፋሱም ይቆማል፤ ሙቀቱ ወዲያው ይጨምራል። የ12 ቮልት ፋን ያስፈልገናል። ቴስተሩም የሰፈር ጋራዥ ያዋሰን ነው፣ መልሰናል። ለኮምፒውተር ክፍሉ አዲስ መጋረጃ ከተገኘ፣ ለእነዚህ ልጆች አንድ ቴስተር አይጠፋም። ወላጆች፣ ቤታችሁ የተቀመጠ ቆርቆሮ ካለም አምጡልን። ሸራው ተቀዷል፤ ክረምቱም ደርሷል።