ለአባባ፣ ስለ ድግሱ

ይድረስ ለአባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ለሁለተኛው መጽሐፌ ድግስ እንዳሰቡ እማዬ በስልክ ነገረችኝ። «የመጀመሪያው በኮሮና ሳይመረቅላት ቀረ፣ አሁን እንካሳት» ብለዋል አሉ። አባባ፣ እኔ እኮ ምንም አልቀረብኝም።

መጋቢት 2012 ትዝ ይልዎታል? በ4 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ተባለ። ወዲያው ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባ ቀረ፣ የኔም መጽሐፍ ምረቃ አብሮ ተሰረዘ። ሰው ሁሉ እየደወለ «አይዞሽ» ይለኛል። እኔ በሆዴ «ተመስገን!» እላለሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ የሚጮህ ማይክ፣ ከዚያ ተሰልፎ የሚስመኝ ሕዝብ፣ ያስቡት እስቲ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲመጣ ደግሞ መጨባበጥ ራሱ ተከለከለ። ዕድሜ ልኬን ስመኘው የኖርኩት ሕግ! ታክሲም ግማሽ ብቻ ይጫን ተባለ። ዋጋው እጥፍ ቢሆንም ትከሻዬን የሚገፋኝ አልነበረም።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ነበር ማለቴ አይደለም። ማስኩ ፈጀኝ። ላስቲኩ ከጆሮዬ ኋላ ሲነካኝ ሌላ ነገር ማሰብ ያቅተኛል። ከቤት መውጣቱን ተውኩት። መጽሐፉም አልተሸጠም። አዟሪዎቹን ያውቋቸዋል፤ መጽሐፍ ክንዳቸው ላይ እስከ አገጫቸው ከምረው ካፌ ለካፌ የሚዞሩት። ካፌው ጭር ካለ ለማን ይሽጡ? ካርቶኖቹ አልጋዬ ሥር ከረሙ። እሱ አንገብግቦኛል፣ አልዋሽዎትም። ከአንባቢ ጋር በቴሌግራም ማውራት የጀመርኩት ግን ያኔ ነው። ፊት ለፊት ቃል ይጠፋብኛል፤ በጽሑፍ ከሆነ ማን ይችለኛል!

ሐኪሙ ኦቲዝም ነው ያለኝ ጊዜ እርስዎ «ልጄ ምንም አልሆነችም» አሉ። ልክ ነዎት፣ በሽታ አይደለም፤ ስፈጠርም እንዲሁ ነኝ። በልጅነቴ ማንም ልብ አለማለቱ አይገርመኝም። በኛ አገር ልጅ የትልቅ ሰው ዓይን አያይም። አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ እንግዳው «እንዴት ያለች ጨዋ!» ይላል፤ እርስዎም ደስ ይልዎታል። ጣጣው የሚመጣው «ተነሺ፣ ሳሚያቸው!» ሲባል ነው። ያኔ ጓዳ ገብቼ ከገብሱ ጆንያ ኋላ ነኝ። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የወሰዱኝም ጨንቆዎት መሆኑን አውቃለሁ። አልተቀየምኩም።

እና በጉ ይታረድ፣ ጠላውም ይጠመቅ። ጎረቤቱን ግን በሌላ ቀን፣ እኔ በሌለሁበት ይጥሩልኝ። ያ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ይል ነበር አይደል? ለኔ አሁንም አልተነሳም። እርስዎ፣ እማዬ፣ እኔ። አንድ ቦታ ይቀራል፤ አክስቴ ትምጣ። እሷ ሳትስመኝ ሰላም ማለት ታውቅበታለች።

ልጅዎ