በ«ቢኤስ 1088» ማኅተም ስለተሸጠልን ኮምፔንሳቶና ስለማይደርቀው የኢፖክሲ ማጠንከሪያ የቀረበ ቅሬታ

ለጀልባ መሥሪያ ዕቃዎች አስመጪ ድርጅት
ለሽያጭ ክፍል
አዲስ አበባ

ባሕር ዳር በሚገኘው መኖሪያ ግቢያችን ከቤተሰባችን ጋር 4.6 ሜትር ባለ ሸራ ጀልባና አብራው የምትሄድ 2.3 ሜትር የመቅዘፊያ ጀልባ ለመሥራት፣ በመጋቢት ወር ከድርጅታችሁ 8 ፍሬ ባለ 9 ሚሊ ሜትርና 3 ፍሬ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ 20 ሊትር የኢፖክሲ ሬዚንና 10 ሊትር ማጠንከሪያ (ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ማጣበቂያና ቅብ ይሆናሉ) ገዝተናል። የደረሰኙ ቅጂ ተያይዟል። ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ላይ ቅሬታ የለንም፤ ንብሮቹ (ተጣብቀው ኮምፔንሳቶውን የሚሠሩት ስስ እንጨቶች) እኩል፣ ጠርዙም ድፍን ነው። ቅሬታችን በባለ 9ኙና በማጠንከሪያው ላይ ነው።

ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ «ቢኤስ 1088» የሚል ማኅተም ተመትቶበታል። ይህ የብሪታንያ የጀልባ ኮምፔንሳቶ የጥራት ደረጃ ነው፤ የውስጡ ንብር እንደ ላዩ ጤናማ እንዲሆን፣ ሙጫውም የፈላ ውኃ እንዲችል ያስገድዳል። እስካሁን ከቆረጥናቸው 5 ፍሬዎች በ4ቱ የመካከለኛው ንብር ተገጣጥሞ አልተሠራም፤ ትልቁ ክፍተት 11 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ለቁም ሣጥን ቢሆን ባላስቸገረ። የጀልባ ጎን ግን ወደ አፍንጫው ሲጠጋ በኃይል ይታጠፋል፤ እንጨቱ ክፍተቱ ላይ ሲደርስ መጉበጡን ትቶ ይሰበራል፣ የላይኛው ንብርም ይሰነጠቃል። ሳይሰነጠቅ ቢያልፍ እንኳ ከጠርዝ የገባ ውኃ ክፍተቱን እንደ ቱቦ ይዞ የኢፖክሲ ቅብ ወደማይደርስበት ይዘልቃል። ጣና ጨው አልባ ነው፤ በባሕር ውኃ የእንጨት ብስባሴን የሚያዘገየው ጨው እዚህ የለም። የታንኳ ባለቤት ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ዓይኑ እያየ ይተካዋል፤ በኮምፔንሳቶ ውስጥ የተደበቀ ብስባሴ ግን የሚታወቀው ሰው ተሳፍሮበት ሐይቅ መካከል ሲደርስ ሊሆን ይችላል።

ሙጫውንም ፈትነናል። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር አድርገን የቆረጥናቸውን 6 ቁራጮች 4 ሰዓት ቀቅለን፣ 20 ሰዓት አድርቀን፣ እንደገና 4 ሰዓት ቀቀልናቸው፤ 4ቱ በእጅ ተላጡ። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ፈተናው የቀለለ ነበር። እውነተኛው የጀልባ ሙጫ 72 ሰዓት ተቀቅሎም ሊይዝ ይገባል።

በስልክ «የተቆረጠ ዕቃ አይመለስም» ተብለናል። ይህን መልስ አንቀበለውም፤ የውስጥ ክፍተት ሳይቆረጥ አይታይም። ደግሞም መቁረጥ የሥራው መጀመሪያ ነው፦ የአንድ ፍሬ ርዝመት 2,440 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የጎኑ ሳንቃ ከሁለት ፍሬ ይቀጠላል፤ ጫፎቹ የውፍረታቸውን 8 እጥፍ ያህል ርዝመት (72 ሚሊ ሜትር) በሰያፍ ተልገው ሲደራረቡ 4,808 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ክፍተቶቹ ፍንትው ብለው የታዩን ጫፉን ስንልግ ነው።

ማጠንከሪያው የባሰ ነው። በጀሪካኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት መሠረት በመጠን 2 እጅ ሬዚን ለ1 እጅ ማጠንከሪያ ቀላቀልን። በ25 ዲግሪ አካባቢ 3 ቀን ቆይቶም ጥፍር ይገባበታል። 60 ሚሊ ሊትር ሬዚን ከ30 ሚሊ ሊትር ማጠንከሪያ ጋር፣ የዕቃውን ጎንና ታች እየፋቅን 2 ደቂቃ አማስለን 3 ጊዜ ደገምነው፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ያንኑ ሬዚን ቀድሞ ከነበረን ማጠንከሪያ ጋር ስንቀላቅለው በአንድ ሌሊት ጠነከረ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሬዚኑ አይደለም። ወረቀቱን ስንልጠው ከሥሩ «5 ለ 1» የሚል የፋብሪካ ጽሑፍ አገኘን። ማጠንከሪያ ሲበዛ ኢፖክሲ ይበልጥ አይጠነክርም፤ የተረፈው ሳይዋሃድ ይቀራል፣ ያልተዋሃደ ማጠንከሪያ ደግሞ ቆዳን ያስቆጣል፣ ለዕድሜ ልክ አለርጂም ሊዳርግ ይችላል። ቤተሰብ በጋራ በሚሠራበት ግቢ የጀሪካን ጽሑፍ መቀየር በጤና ላይ መፍረድ ነው።

በዚሁ ማጠንከሪያ የትንሿን ጀልባ መጋጠሚያዎች ወደ 11 ሜትር ሞልተናል፤ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በመዳብ ሽቦ ሰፍተን፣ ኢፖክሲውን በደቃቅ ሰጋቱራ አወፍረን፣ በላዩ 75 ሚሊ ሜትር የፋይበርግላስ ጥብጣብ አስተኝተንበታል። አሁን ሁሉም ተፍቆ መውጣት አለበት። በዚህ መሀል ትንሿ ጀልባ የተሠራችበት የባለ 6ቱ ላይኛ ንብር ከተገነጠለ ኃላፊነቱ የድርጅታችሁ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ 8ቱም ባለ 9 ሚሊ ሜትር ፍሬዎች ከአምራቹ የጥራት ማረጋገጫ ጋር እንዲተኩልን፣ ማጠንከሪያው በፋብሪካ እሽጉ እንዲላክልን፣ የባከነው 3 ሊትር ሬዚንና ጥብጣቡ እንዲከፈለን፣ የማጓጓዣውንም ወጪ እንድትሸፍኑ እንጠይቃለን። ግንቦት ሳያልቅ ሊደርሰን ይገባል፤ የሰኔ እርጥበት ከገባ ኢፖክሲው ላይ ሰም መሰል ሽፋን ይወጣል፣ ያም በውኃ ካልታጠበ ቀጣዩ ቅብ አይይዝም። ከዚያው ጀሪካን የገዙ ሌሎች ደንበኞች ካሉ ዛሬውኑ ደውላችሁ አስጠንቅቋቸው።

የተቀቀሉት ቁራጮች፣ የተላጠው ወረቀትና ጀሪካኑ ተቀምጠዋል፤ ባለሙያ ልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
ገዢዎቹ፣ ባሕር ዳር