ለዘገየው ጥያቄህ መልስ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ አንተን ረስቼ አይደለም፤ ጥያቄህ በሁለት መስመር የሚመለስ አልሆነልኝም። ይቅር በለኝ።

አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ዳር ባሉት የገበያ ማዕከላት የነበሩ ሲኒማ ቤቶች ለምን እንደዚያ ጠባብና ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ሆኑ ብለኸኝ ነበር። ብዙ ሰው የሚያነሳው መኪናንና ቴሌቪዥንን ነው። እውነት አለው፤ ግን ዋናው መልስ ያለው ማሽን ክፍሉ፣ ማለትም ፊልም ማሳያው ማሽን የሚቆምበት ክፍል ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

በማሳቹሴትስ ፍራሚንግሃም፣ ሾፐርስ ወርልድ በሚባለው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1951 ሲኒማ ተከፍቶ ነበር። መልኩን የቀየረው ግን የካንሳስ ሲቲው የሲኒማ ባለቤት ስታንሊ ደርውድ ነው። በ1963 ዋርድ ፓርክዌይ በተባለ የገበያ ማዕከል ፓርክዌይ ትዊንን ከፈተ፤ አንዱ አዳራሽ 400፣ ሌላው 300 መቀመጫ ነበረው። ሁለቱም የሚጠቀሙት በአንድ መግቢያ፣ በአንድ ፈንዲሻ መሸጫና በአንድ ማሽን ክፍል ነው። ለማዕከሉ ባለቤትም ተስማማው፤ ሱቆቹ ማታ ሲዘጉ ባዶውን የሚያድረው መኪና ማቆሚያ ሰው አገኘ። ሲኒማው ብዙ ጊዜ ከጀርባ በኩል የራሱ በር የሚኖረውም ለዚሁ ነው።

ሂሳቡን ልንገርህ። ትልቅ ፊልም ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደው ውል፣ የአዳራሹ ወጪ ከተነሳ በኋላ ከሚቀረው 100 ዶላር 90ው ለፊልሙ አከፋፋይ የሚሄድበት ነበር። ሲኒማ ቤቱን የሚያኖረው ፈንዲሻና ለስላሳ ነው። ሁለት አዳራሽ ካለ ፊልም የሚጀምሩበትን ሰዓት በግማሽ ሰዓት ታራርቀዋለህ፤ ያው ሁለት ሻጭ ምሽቱን ሙሉ እጁ ሥራ አይፈታም። ተመልካቹ የሳሳበት ፊልምም ወደ ትንሹ አዳራሽ ይዛወራል።

አዳራሾቹን ለማብዛት የቀረው እንቅፋት ፊልም አጫዋቹ፣ ማሽኑን የሚይዘው ሰው ነበር። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚያልፍ በደቂቃ 27 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም 3.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። የሚላከው እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ያህል በሚሄዱ 6 ጥቅሎች ነበር። ስለዚህ ለአንድ አዳራሽ ሁለት ፕሮጀክተር ይቆማል። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል በምስሉ የቀኝ ላይኛ ጥግ አንዲት ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ አጫዋቹ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ያስነሳል። ከሰባት ሰከንድ ገደማ በኋላ ሁለተኛዋ ነጥብ ስትመጣ ምስሉን ያዛውራል። መብራቱ ደግሞ እየነደደ የሚያጥር የካርቦን ዘንግ ስለሆነ ዓይኑን አይነቅልም። እንዲህ የታሰረ ሰው ስድስት አዳራሽ ሊጠብቅ አይችልም።

የፈቱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሰው ሳይነካው ለሰዓታት የሚበራው የዜኖን አምፖልና ትሪው። ትሪው ጀርመናዊው ቪሊ ቡርት የሠራው ነው። ዲያሜትሩ 1 ሜትር ከ30 የሚያህል፣ ሁለት የእንጀራ ምጣድ ጎን ለጎን ቢቀመጥ የሚሸፍነው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ነው፤ ሦስቱ አንዱ ካንዱ በላይ ይደረደራሉ። ስድስቱ ጥቅሎች ጫፍና ጫፋቸው ተቆርጦ፣ በቴፕ ተቀጥለው፣ አንዱ ትሪ ላይ ይተኛሉ። ፊልሙ የሚወጣው ከመሃል ነው፤ ፕሮጀክተሩን አልፎ ሌላኛው ትሪ ላይ ይጠመጠማል። ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ ማጠንጠን አያስፈልግም፤ ለቀጣዩ ሰዓት እንደገና ከመሃል ይሳባል።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ የሚጀምረው። አንድ ፍሬም አራት የጎን ቀዳዳ አለው፤ የቀጠለው ሰው የፍሬሙን መስመር ሁለት ቀዳዳ ያህል ከሳተ፣ መጋጠሚያው ሲደርስ የተዋናዩ እግር ከላይ፣ ራሱ ከታች ይታያል። ከፕሮጀክተሩ መስኮት ሥር የሚተወው ልቅ ቀለበት ሲጠብቅ ወይም ሲረዝም ድምፅና ከንፈር ይለያያሉ፤ ድምፁ ፊልሙ ላይ የተቀረጸው ከምስሉ 20 ፍሬም ያህል ቀድሞ ነውና። ክረምት ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው ፊልሙ በኤሌክትሪክ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ከመሃል ሁለት ዙር አብሮ ይወጣና ትሪው መሃል ባለው የፊልም መሳቢያ ላይ ይጠመጠማል። ፊልሙ የሚሠራበት የድሮው ፕላስቲክ፣ አሴቴት፣ ይበጠሳል፤ ኋላ የመጣው ፖሊስተር ግን አይበጠስም፣ የማሽኑን ክንድ ያጣምማል። መድኃኒቱ ትሪውን ከመሬት ሽቦ ጋር ማገናኘትና ክፍሉን እርጥበት መስጠት ነው። ግን ማን ይየው? አጫዋቹ አምስተኛው ማሽን ጋ ነው። የቆሸሸ ሮለር ፊልሙን ፊት ለፊቱን ሲፈቀው የላይኛው የቀለም ንብር ይላጥና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አረንጓዴ መስመር ይሰመራል፤ ማንም ሳያየው ሳምንት ይታያል። የዜኖን አምፖሉንም ከተወሰነለት ሰዓት አልፎ ያሠሩታል፤ ብርጭቆው ይጠቁራል፣ ምስሉ ይደበዝዛል። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ በአንድ አምፖል ዋጋ የስንቱ ሰው ምሽት ደብዝዟል!

አዳራሾቹን ያጠበበው የሱቅ ሕንፃ ነው። ዓምዶቹ ተጠጋግተው፣ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ተሠርቷል፤ ስክሪን ከጣሪያው በላይ አይረዝምም። ሰፊውን አዳራሽ መሃል ለመሃል የከፈሉት ደግሞ ወንበሮቹን ሳያዞሩ ስለሚተዉ ተመልካቹ አንገቱን አጣሞ ይቀመጣል፤ ግድግዳውም የውሸት ጣሪያው ድረስ ብቻ ስለሚሄድ የጎረቤቱ ፍንዳታ ከላይ ተሻግሮ ይሰማል።

መጨረሻውም ከዚያው ጣሪያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 ዳላስ ላይ ግራንድ የተባለው ባለ 24 ስክሪን ሲኒማ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ እንደ ስታዲየም በደረጃ የተደረደረ መቀመጫ ተስፋፋ፤ ማንም የማንንም ራስ አይመለከትም። እንዲህ ያለውን ደረጃ በሱቅ ጣሪያ ሥር መሥራት አይቻልም። ትናንሾቹ ረጅም የኪራይ ውል ተሸክመው ቀሩ፤ በ2000 እና 2001 ከትልልቆቹ የሲኒማ ድርጅቶች ብዙዎቹ ኪሳራ አወጁ። ኋላም ፊልሙ ራሱ በሃርድ ዲስክ መምጣት ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ገደማ አብዛኞቹ ትሪዎች ለቁራሌ ሄዱ።

ከእነዚህ ሲኒማዎች ክፍት የሆነ ካገኘህ ግባ። ከመቀመጥህ በፊት ወደ ኋላ ዞር በልና የጀርባውን ግድግዳ እይ። ምስሉ የሚወጣባቸው ትንንሽ መስኮቶች ለአንዱ አዳራሽ ሁለት ከሆኑ፣ ሁለት ፕሮጀክተር ቆሞ በሰው እጅ ይዛወር የነበረበት ቤት ሊሆን ይችላል።

ለቤተሰቡ በሙሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ያየኸውን ጻፍልኝ፤ የእኔ መልስ አሁን አይዘገይም።

ወዳጅህ