እነዚያን ጥቂቶች አደባባይ አውጡልን

ክቡር አዘጋጅ፣

«የሕዝብ አመለካከት በቀላሉ አይለወጥም» ሲባል ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል። በተለይ የሴት ልጅ ግርዛት ሲነሳ። እንዲህ የሚሉኝን ሁሉ ስለ ከምባታ እነግራቸዋለሁ።

ድሮ እዚያ ያልተገረዘች ልጅ ማግኘት ጭንቅ ነበር። የዚያው ተወላጅ ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን የሴቶች ድርጅት ሲያቋቁሙ፣ ግርዛትን በግልጽ የሚቃወመው በጣት የሚቆጠር ነው። እሳቸውም መጥተው ወዲያው አልሰበኩም። ሰዉን የቸገረው ድልድይ ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ወደ ገበያ የሚሻገርበት። መጀመሪያ እሱን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌውም፣ ገራዧም፣ ወጣቱም አንድ ላይ ተቀምጦ መነጋገር የጀመረው፤ እሱም በአንድ ቀን ስብሰባ ያለቀ ነገር አልነበረም፣ እየተመላለሱ፣ ያንኑ ነገር ሳያወላውሉ እየደጋገሙ፣ ዓመታት ፈጅቷል።

እናት ልጇን የምታስገርዘው ጠልታት አይደለም። «ማን ያገባልኛል?» ብላ ነው። በሆዷ ባትፈልገውም እንኳ ጎረቤቷም እንደማትፈልግ በምን ታውቃለች? አንዷ ሌላዋን እየፈራች ምላጩ ይቀጥላል።

ይህን ፍርሃት ሰርግ ሰበረው። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ ደረቷ ላይ ነበር፤ ሙሽራውም እሷን በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን እንዲሁ ጽፎ ለብሷል። ወደ 2000 ሰው ታደመ። «ያልተገረዘች ባል አታገኝም» የሚለው ወሬ ሁሉም እያየ ውድቅ ሆነ! ሌሎች ሰርጎች ተከተሉ። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያርፉ ከምባታ በልጅነታቸው የሚያውቋት ከምባታ አልነበረችም።

ሕጉ ጥሩ ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግርዛትን ይቀጣል። ግን ሕጉ ብቻውን ሲሆን ነገሩ ተደብቆ በሌሊት ይሠራል።

እኔ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ አላስገረዝኳቸውም። አማቴ ለሁለት ዓመት አኩርፈውኛል። በዚያን ሰሞን ሁለት እናቶች በየግላቸው መጥተው «እንዴት ደፈርሽ?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዷ የሌላዋን ሐሳብ አታውቅም። ያኔ ጮክ ብዬ ባለመናገሬ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በየዓመቱ ጥር መጨረሻ ላይ የሴት ልጅ ግርዛትን የመቃወሚያው ዓለም አቀፍ ቀን ሲከበር የስብሰባ ዜና ታወጣላችሁ፣ ባለሥልጣኑ ምን እንዳሉ ትነግሩናላችሁ፣ ከዚያ ዝም። እባካችሁ ያላስገረዙ እናቶችን፣ ምላጫቸውን የጣሉ ገራዦችን፣ ያልተገረዘች አግብቶ ቤቱ የሞቀለትን ወንድ ፈልጋችሁ አናግሩልን። በየወሩ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከፈቀዱም ፎቶአቸውን ጨምሩበት።

የሁለት ሴት ልጆች እናት፣
ከአዲስ አበባ