ለልጄ ልብ የተሰጠው «ጠብቁ» የሚል መልስ ይሻር፦ ለጤናው ዘርፍ የበላይ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለቢሮዎ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች አንዱም የጽሑፍ መልስ ስላላገኙ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ጅማ ውስጥ ባደረገችው የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ፣ ሁለቱን የላይኛ የልብ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ እንዳለባት ታወቀ። ሐኪሞቿም ደረቷ ሳይከፈት፣ በብሽሽቷ የደም ሥር በሚገባ ካቴተር በተባለ ቀጭን ቱቦ ሊዘጋ እንደሚችል ጽፈው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ አበባ ላኳት። እዚያ የተነገረን መዝጊያው መሣሪያ እስኪገዛ ወረፋ እንድንጠብቅ ነው።

አቤት ስል የቢሮዎ ባለሙያ የሰጡኝ መልስ ግን ከወረፋው የባሰ ነበር። ቀዳዳን በሙቀት የሚያጣብቅና በልብ ውስጥ ባዕድ ነገር የማይተው መሣሪያ እየመጣ ስለሆነ፣ ለቀድሞው መሣሪያ የውጭ ምንዛሪ ማውጣት አያስፈልግም፣ ጠብቁ አሉኝ።

ይህ መልስ ስሕተት ነው። ባለሙያው ያሉት፣ በራዲዮ ፍሪኩዌንሲ (በራዲዮ ሞገድ) ኃይል ሙቀት የሚፈጥረው ካቴተር በሰው ላይ የተሞከረው፣ ጽንስ ሳለን በሁላችንም ልብ ውስጥ ክፍት ለሆነውና ከአራት አዋቂዎች በአንዱ ገደማ ሳይዘጋ ለሚቀረው መተላለፊያ ነው። በዚያ ቦታ ሁለት ስስ ሽፋኖች እንደ ነጠላ ጫፎች ተደራርበው ስለሚገኙ፣ ካቴተሩ አንድ ላይ ይዞ ሲያሞቃቸው እንዲጣበቁ ታስቦ ነበር። እዚያም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የብዙ ታካሚዎች ክፍተት ሳይዘጋ ቀርቷል፤ ዘዴውም የተለመደ ሕክምና አልሆነም። በልጄ ልብ ላይ ደግሞ የሚደራረብ ሽፋን የለም። ሥጋው ራሱ ጎድሏል፤ የሌለ ሥጋ በሙቀት አይጣበቅም። ለእሷ የሚሆነው ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅይጥ ሽቦ የተሠራው መዝጊያ ሲሆን፣ በአሜሪካ ፈቃድ ካገኘ እንኳ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የክፍል ጓደኞቿ ጅሬን ወደሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሲወጡ እሷ ትንፋሽ አጥሯት ከዳገቱ ግርጌ ቀርታለች። በቀዳዳው በኩል ወደ ቀኝ የሚያልፈው ትርፍ ደም የልቧን ቀኝ ክፍል እያሰፋው ነው፤ በጊዜ ብዛትም የሳንባዋን የደም ሥሮች ሊጎዳ ይችላል። የሳንባው የደም ግፊት ከጸናና የደሙ ፍሰት ከተገለበጠ በኋላ ቀዳዳውን መዝጋት ራሱ ለሕይወት አደገኛ ስለሚሆን ሐኪሞች አይዘጉትም። ስለዚህ ዛሬ መዳን የሚችል ሕፃን ነገ እንዳይድን የሚያደርግ ውሳኔ በቃል ብቻ ተሰጥቷል፤ ውሳኔውን ያሳለፈው ማን እንደሆነም አልተነገረኝም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና አገልግሎት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ እንደሚያዝ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ «ጠብቁ» የተባለው መልስ እንዲሻር፣ መዝጊያው የሚገዛበት ቀንም በፊርማና በማኅተም ተረጋግጦ እንዲደርሰኝ።

የታካሚዋ አባት፣ ከጅማ